የቆሽት ቃጠሎና የማስታገሻው ታሪክ

ባገራችን አነጋገር አንድ ሰው እጅግ በተናደደ ጊዜ «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ ወኔው የከዳውንም ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንለዋለን። አባቶቻችን የሰውን ጠባይና ስሜት በሆድ ዕቃው እየመሰሉ መናገራቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን በእነዚህ አነጋገሮች የተጠሩት ቆሽትና ሐሞት በሰውነታችን ውስጥ በእውነት ጎረቤታሞች መሆናቸውን፣ የሐሞት መንገድ በታወከ ጊዜም ቆሽት በምሳሌ ሳይሆን በሥጋ እንደሚያርር የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ይህ ደዌ ምን እንደ ሆነ፣ ሐኪሞች ሥቃዩን ለማስታገሥ ከመቶ ዓመት በላይ እንዴት እንደ ደከሙ፣ በመጨረሻም ተስፋ ያደረጉበት መድኃኒት በሚዛን ላይ በወጣ ጊዜ ምን ፍርድ እንደ ተሰጠው የሚያስረዳ ነው።

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ፣ በአከርካሪ አጥንት ፊት በአግድም የተጋደመ፣ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር የሚያንስ ለስላሳ ብልት ነው። የጥንት ግሪኮች አጥንት የሌለበት መሆኑን አይተው «ሁለንተናው ሥጋ» የሚል ትርጓሜ ያለውን ፓንክሬያስ የሚለውን ስም አወጡለት፤ ሥራውን ግን ለብዙ ዘመን አላወቁትም። እ.ኤ.አ. በ1642 ዮሐን ጌዎርግ ቪርሱንግ የተባለ ጀርመናዊ በኢጣልያ አገር በፓዶቫ ከተማ በቆሽት መካከል የሚያልፈውን ቀጭን ቦይ አገኘ። ይህ ቦይ የቆሽትን ፈሳሽ ወደ አንጀት ያወርዳል፤ በብዙ ሰዎችም ዘንድ በመጨረሻው ላይ ከሐሞት ቦይ ጋራ ተገናኝቶ ባንድ በር ይገባል። ፈሳሹ ሥጋንና ስብን፣ እህልንም የሚያሟሟ ኀይለኛ ነገር ነው። በመንገዱ በሄደ ጊዜ የበላነውን ምግብ ለሰውነታችን ያዘጋጃል፤ መንገዱን በሳተ ጊዜ ግን የገዛ ቤቱን ይበላል።

የዚህን ነገር ምሥጢር ሊቃውንት የገለጡት ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ሬጂናልድ ፊትዝ የተባለ ሐኪም የድንገተኛውን የቆሽት ብግነት ምልክቶች ለይቶ ጻፈ። የዐድዋ ድል በተገኘበት እ.ኤ.አ. በ1896 ሐንስ ኪያሪ የተባለ ሊቅ በፕራግ ከተማ ቆሽት ራሱን በራሱ እንደሚፈጭ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1901 ደግሞ ዩጂን ኦፒ በባልቲሞር ከተማ አንዲት የሐሞት ጠጠር በጋራው በር ላይ ተወሽቃ የሰውን ሕይወት እንዳጠፋች በሬሳ ምርመራ አሳየ። ዛሬም ከታወቁት የበሽታው ምክንያቶች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ እነርሱም የሐሞት ጠጠርና የመጠጥ ብዛት ናቸው። ከሕሙማኑ የሚበዙት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድናሉ። ከአምስቱ አንዱ በሚሆነው ላይ ግን በሽታው ይበረታል፤ ቃጠሎው ከቆሽት ዐልፎ ሳንባንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ የደም ግፊትንም ያወርዳል።

ሥቃዩንም ያዩት ሁሉ የሚመሰክሩት ነው። ከልብ በታች ባለው የላይኛው ሆድ ተነሥቶ እንደ ጦር ወደ ጀርባ ይወጋል፤ ትውከት ይከተለዋል። በሽተኛው በጀርባው መተኛት አይሆንለትም፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን አቅፎ ይቀመጣል እንጂ። ይህም ለሰዓት ብቻ ሳይሆን ለቀናት ሊቈይ ይችላል።

እስቲ አንባብያን፣ ይህ ደዌ ከከተማ ርቆ በሚኖር ሰው ላይ በደረሰ ጊዜ የሚሆነውን በሐሳባችሁ ተመልከቱ። በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ጎብዬ የምትባል ከተማ አለች። ዙሪያዋ ማሽላ የሚበቅልበት ሰፊ ቆላ ነው። አንድ የጎብዬ ገበሬ በማሽላው ማማ ላይ ሳለ ይህ ሕመም በድንገት ቢይዘው፣ አንዱ ጎረቤት «ቁርጠት ነው» ይላል፤ ሌላው «ምች ነው» ይላል፤ ሦስተኛው በሰው ዐይን ያመካኛል። በመጨረሻ በቃሬዛ ወይም በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፤ ከዚያም ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይላካል፤ በሽታው ከበረታበትም ከወልድያ እስከ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነት ወደ አካባቢው በዘለቀ ጊዜ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ከባድ ጉዳት ደርሶባቸው እንደ ነበረ የሚታወስ ነው። እንግዲህ ለዚህ ሰው ሁለት ጥያቄዎች አሉት፤ አንደኛው «ሥቃዬን ማን ያርቅልኛል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «እድናለሁን?» የሚል ነው። የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ አንድ ነው ወይስ ልዩ ልዩ ነው? ይህ ንግግር የሚመረምረው ዋና ነገር ይኸው ነው።

ሥቃይን ለማራቅ ከሁሉ በፊት የታወቀው ሞርፊን ነው፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፍሪድሪክ ሰርቱርነር የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ከኦፒየም ለይቶ ያወጣው ነው። ለቆሽት ሕሙማን ግን ሞርፊን ለብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ምክንያቱም ሞርፊን ሐሞትና ቆሽት የሚወርዱበትን የጋራ በር ያጠባል፤ ስለዚህም በሽታውን ያባብሳል ተብሎ ይፈራ ስለ ነበረ ነው። ብዙ ሐኪሞችም ስለዚህ ፔቲዲን የተባለውን ሌላ ማስታገሻ ይመርጡ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ሲመረመር ሞርፊን በዚህ ምክንያት ሕሙማኑን እንደሚጎዳ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ስንቱ በሽተኛ በዚህ ፍርሃት ምክንያት ያለ በቂ ማስታገሻ እንደ ቃተተ ለመገመት አያስቸግርም።

በሌላ ወገን ሰውየውን ሳያስተኙ የታመመውን ክፍል ብቻ የማደንዘዝ ጥበብ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1884 ካርል ኮለር የተባለ ወጣት ሐኪም በቪየና ከተማ ኮኬይን ምላስን እንደሚያደነዝዝ ካስተዋለ በኋላ በመጀመሪያ በእንቁራሪት ዐይን፣ ቀጥሎም በገዛ ዐይኑ ጨምሮ በመርፌ ጫፍ እየነካ ፈተነው፤ ሕመምም አልተሰማውም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1898 አውጉስት ቢየር በጀርመን አገር በኪል ከተማ መድኃኒቱን በወገብ በኩል በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ወዳለው ውሃ አስገባ፤ የበሽተኛውም የታችኛው አካል ደነዘዘ። ቢየር በዚህ አልረካም፤ እርሱና ረዳቱ ሂልደብራንት መድኃኒቱን በራሳቸው ላይ ሞከሩ። ረዳቱ ቅልጥሙን በመዶሻ ሲመታ እንኳ አልተሰማውም፤ በማግሥቱ ግን ሁለቱም ራስ ምታት ያዛቸው። ለበሽተኛ የሚሰጡትን አስቀድመው በራሳቸው ላይ መሞከራቸው የዚያ ዘመን ሐኪሞች ድፍረት ምልክት ነው፤ ሆኖም ድፍረት ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ መድኃኒቱን ወደ ውሃው ሳይሆን ከሽፋኑ ውጭ ባለው ቀጭን ክፍተት ውስጥ ማስገባት ነው፤ ስሙም ኤፒዱራል ይባላል። ይህን ዘዴ ለሆድ ቀዶ ሕክምና እንዲሆን አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1921 የጻፈው ፊደል ፓኼስ የተባለ የኢስፓኝ የጦር ሐኪም ነው። ፓኼስ ከሁለት ዓመት በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ጽሑፉም በገዛ አገሩ ቋንቋ ብቻ ስለ ነበረ በሌላው ዓለም ሳይነበብ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1931 የኢጣልያው ቀዶ ሐኪም አኪሌ ዶልዮቲ ያንኑ ዘዴ እንደ ዐዲስ አስተማረ። እውቀት በጥቂት ሰዎች ቋንቋ ተወስኖ ሲቀር እንዴት እንደሚዘገይ ይህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ ማኑኤል ማርቲኔዝ ኩርቤሎ በኩባ በሃቫና ከተማ ቀጭን ቱቦ በክፍተቱ ውስጥ ትቶ መድኃኒቱን ደጋግሞ ለመስጠት መንገድ ከፈተ። በዚህም የአንድ ሰዓት ማስታገሻ የነበረው የቀናት ማስታገሻ ለመሆን በቃ።

ለቀናት ለሚቈየው ለቆሽት ሥቃይ ይህ ቱቦ የተመቸ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 በቦስተን የላሂ ክሊኒክ ሐኪሞች ኤፒዱራልን ለድንገተኛ የቆሽት ብግነት ስለ ማዋል ጻፉ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ሕሙማኑ በእርግጥ ዕረፍት ያገኙ ነበር። ከዚህም የተነሣ ሌላ ተስፋ በቀለ። መድኃኒቱ ሥቃይን የሚያመላልሱትን ነርቮች ሲያደነዝዝ የደም ሥሮችን የሚያጠብቡትንም ነርቮች አብሮ ያደነዝዛል፤ ሥሮቹ ሲሰፉ ደም ወደ ተቃጠለው ቆሽት ይደርሳል፤ ደም ሲደርስ ብልቱ ከመበስበስ ይድናል፤ ስለዚህ ኤፒዱራል ሥቃይን ብቻ ሳይሆን ሞትንም ያርቃል የሚል ነበር። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም ይህን ሐሳብ የሚደግፉ ሆኑ። ነገሩ ለጆሮ የተመቸ፣ ለልቡናም የሚቀርብ ነው። ይሁን እንጂ ለልቡና የቀረበ ነገር ሁሉ እውነት አይደለም።

በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባል ነባር የሽምግልና ሥርዓት አለ። በደም የተፈላለጉ ወገኖች በሽማግሌዎች ፊት ሲቀርቡ ያንዱ ወገን ቃል ብቻ ተሰምቶ ፍርድ አይሰጥም፤ ሌላውም ይደመጣል። በሕክምናም ነገር እንዲሁ ነው። መድኃኒቱን ወስደው የዳኑት ምስክርነታቸውን ይሰጣሉ፤ ዳሩ ግን መድኃኒቱን ያልወሰዱትስ ምን ሆኑ? ሁለቱ ወገኖች ሳይመዛዘኑ ፍርድ የለም። መመዘኛው ትክክል እንዲሆን ደግሞ ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን ሐኪሙ መምረጥ የለበትም፤ ሳያውቀው ጠና ያለውን ወደ አንዱ፣ ቀለል ያለውን ወደ ሌላው ሊያደላ ይችላልና። ስለዚህ ነገሩን ለዕጣ መተው ያስፈልጋል። ሁላችሁም በመሥሪያ ቤታችሁ ዕቁብ የምትጥሉ እንደ መሆናችሁ ዕጣ አድልዎ እንደማያውቅ ታውቃላችሁ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው የስትሬፕቶማይሲንና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሕሙማንን በዚህ ዐይነት በዕጣ በመክፈሉ ለኋለኞቹ ሁሉ አርኣያ ሆኗል።

የቆሽት ማስታገሻዎችም ወደዚህ ሚዛን በየተራ ቀረቡ። በጀርመን አገር ፕሮኬይን የተባለውን ማደንዘዣ በደም ሥር ማንጠባጠብ ለብዙ ዘመን የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመና 107 ሕሙማን የገቡበት ምርመራ ግን ፕሮኬይን ሥቃዩን በሚገባ እንደማያስታግሥ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 በስዊስ አገር በጄኔቫ ከተማ በ35 ሕሙማን ላይ የተደረገ ሌላ ምርመራ ኤፒዱራል ለቆሽት የሚደርሰውን ደም እንደሚያሻሽል አመለከተ፤ ቍጥሩ ግን ስለ ሕይወትና ሞት ለመፍረድ የማይበቃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ተስፋውን ከፍ አደረገው። አጥኚዎቹ በ17 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የታከሙ የ1,003 ሰዎችን መዝገብ መረመሩ። ከእነዚህ ኤፒዱራል የተሰጣቸው 46 ብቻ ነበሩ። በሁኔታቸው የሚመሳሰሉት ሕሙማን ጎን ለጎን ሲታዩ፣ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ኤፒዱራል ከተሰጣቸው ከመቶው 2፣ ካልተሰጣቸው ግን ከመቶው 17 ሆነው ተገኙ። ይህን ቍጥር ያነበበ ሰው ሁሉ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ለሁሉ ይሰጥ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን አስተውሉ፤ እነዚያ 46 ሰዎች የተመረጡት በሐኪም እንጂ በዕጣ አልነበረም። ኤፒዱራል የደም ግፊቱ እጅግ ለወረደ ወይም ደሙ መርጋት ለተሳነው ሰው በደኅና አይሰጥም፤ ስለዚህ የተሰጣቸው ሰዎች ቀድሞውኑ የተሻሉ መሆን አለመሆናቸውን መዝገብ ብቻውን አይነግርም።

አጥኚዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። መልካም ወሬ ይዘው ዝም ማለት ሲችሉ፣ በፈረንሳይ ሐኪሞች መሪነት እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በዕጣ የተከፈሉ ሕሙማንን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2023 አሳተሙ። በሒሳቡ የገቡት 135 ሰዎች ሲሆኑ 65ቱ ኤፒዱራል የደረሳቸው፣ 70ዎቹ በተለመደው ሕክምና የተረዱ ነበሩ። ሁለቱ ወገኖች ያለ መተንፈሻ መሣሪያ በቈዩባቸው ቀናት ልዩነት አልተገኘባቸውም። እንዲያውም በመሣሪያ መተንፈስ ግድ ከሆነባቸው መካከል፣ ኤፒዱራል የተሰጣቸው ለ14 ቀን ያህል፣ ያልተሰጣቸው ለ6 ቀን ያህል በመሣሪያው ላይ ቈዩ። የተጠበቀው ታላቅ ጥቅም በሚዛኑ ላይ አልታየም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ስሕተቶች ሊወለዱ ይችላሉ። የመጀመሪያው «እንግዲህ ኤፒዱራል ከንቱ ነው» ማለት ነው። ይህ ልክ አይደለም፤ የከሸፈው ሞትን ያርቃል የተባለው ተስፋ እንጂ ሥቃይን የማስታገሥ ችሎታው አይደለም። በተገባ ቦታ፣ በሠለጠነ እጅ፣ የደም ግፊትን ሌሊትና ቀን የሚከታተል ሰው ባለበት ለአንዳንዱ በሽተኛ ዛሬም ይጠቅማል። ሁለተኛውና የባሰው ስሕተት «ማስታገሻ ካላዳነ ምን ያደርጋል?» ማለት ነው። የጎብዬው ገበሬ ሁለት ጥያቄዎች እንዳሉት አስቀድመን ተናግረናል። ሥቃይን ማራቅ ከማዳን የተለየ ግዴታ ነው፤ የመዳን ተስፋ ባይጨምር እንኳ ለራሱ ሲባል ይደረጋል። የሚያቃስት ሰው ዕረፍት ለማግኘት ሌላ ምክንያት ማቅረብ አያስፈልገውም።

የዚህ ዐይነት ፍርድ በቆሽት ሕክምና ይህ ብቻ አይደለም። ለእነዚህ ሕሙማን በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት ማፍሰስ እንደሚያድን ለብዙ ዓመታት ይታመን ነበር። በሕንድ፣ በኢጣልያ፣ በሜክሲኮና በኢስፓኝ 249 ሕሙማን በዕጣ የተከፈሉበት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም ግን፣ ብዙ ፈሳሽ ከተሰጣቸው ከመቶው 20 የሚሆኑት ፈሳሹ በዝቶባቸው ተጎድተው ነበር፤ በልኩ ከተሰጣቸው ግን የተጎዱት ከመቶው 6 ያህል ብቻ ነበሩ። ምርመራውም ስለዚህ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ልከኛ ፈሳሽ ከብዙው የተሻለ ሆኖ መገኘቱ ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ሆስፒታል የሚያስደስት ወሬ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቢየር በራሱ ላይ የሞከረው የወገብ መርፌ ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እናቶች በቀዶ ሕክምና ሲገላገሉ በየቀኑ ይሠራበታል። ጥንተ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በሆነው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ክፍለ አካልን ስለ ማደንዘዝ ያደረጓቸውን ጥናቶች በውጭ አገር መጽሔቶች አሳትመዋል። ስለዚህ ጥበቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለከባድ የቆሽት ብግነት የሚሰጠው ኤፒዱራል ግን ቱቦው ከገባ በኋላ ለቀናት የሚጠብቀው አስታማሚ፣ መለኪያ መሣሪያና የደም ምርመራ ይፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ቱቦውን ብቻ መግዛት ፍሬን የሌለው መኪና እንደ መግዛት ይቈጠራል።

ክቡራን የመንግሥት ሠራተኞች፤ ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ሞርፊን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ካወጣው ከመጀመሪያው የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ጀምሮ ያለ መድኃኒት ነው። ከመጋዘን ወጥቶ በወልድያ ወይም በቆቦ ባለ አልጋ አጠገብ በጊዜው እንዲገኝ ግን በጀት የሚይዝ፣ ፈቃድ የሚፈርም፣ ዕቃ የሚቈጥር፣ መኪና የሚያሰማራ ጸሐፊና ሹም ያስፈልጋል። በጠረጴዛችሁ ላይ ሦስት ቀን የምታድር ወረቀት በሌላው ሰው ሆድ ውስጥ ሦስት ሌሊት ልታድር ትችላለች።

ደግሞም ዐዲስ መሣሪያ ወይም ዐዲስ መድኃኒት በብዙ ምስጋና ተጅቦ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ በቀረበ ጊዜ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፤ «ያልወሰዱትስ ሰዎች ምን ሆኑ?» በሉ። ሁለቱን ወገን ሰምቶ መፍረድ የአባቶቻችን የሽምግልና ሕግ ነው፤ የዘመናችን ሳይንስም ከብዙ ድካም በኋላ የደረሰው ከዚሁ ነው። ጽኑዕ ምርመራ የሐሰት ተስፋን ያርቅልናል፤ ርኅራኄ ደግሞ ማስታገሻውን በጊዜው ያቀርብልናል። ታማሚው ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ አንዱ ስለ ተገኘም ሌላው ሊቀርበት አይገባም።